ፊውዙ በአባቴ እጅ

ባሏ ቀኑን ሙሉ ማሽን ሲፈታና ሲገጥም የሚውል ሴት ቤቷ ውስጥ ሶኬት ጠጋኝ እሷ ናት ቢባል ማን ያምናል? እኛ ቤት ግን ነገሩ እንዲያ ነበር። ባለቤቴ ፋብሪካ የሚሠራ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ሰው ነው። ቤት ገብቶ አምፖል ቀይር ሲባል ግን ወንበሩን ይዞልኝ ከሥር ይቆምና «ተይው፣ ነገ ባለሙያ እንጠራለን» ይለኛል። ያ ነገ የሚጠራው ባለሙያ ባሕር ዳር ውስጥ የት እንደሚኖር እስከ ዛሬ አልነገረኝም። እኔ ፊዚክስ አስተምር ነበር። ኤሌክትሪክን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ማወቅ ሌላ፣ በግድግዳ ውስጥ ማወቅ ሌላ መሆኑን ቀስ ብዬ ተማርሁ፤ ከተማርሁ ወዲህ ግን እጄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። ይህን የምለው ለጉራ ብቻ አይደለም፣ ጉራም ባይጠፋበት።

ቤታችን የቀበሌ ቤት ነበር። ድሮ የአንድ ባለጸጋ ቤተሰብ መኖሪያ የነበረ፣ ትርፍ ቤት በአዋጅ ከተወረሰ ወዲህ በስስ ጣውላ ተከፋፍሎ ለደመወዝተኛ የተከራየ ቤት ነው። የፊቱን ክፍሎች የቀበሌያችን ሊቀመንበር ይዞ፣ እኛ የኋላዎቹን ይዘን እንኖር ነበር። ጣውላው ሰው ይለያል እንጂ ድምፅ አይለይም፤ እሱ ሲያስነጥስ እኛ ከዚህ «ይማርህ» እንል ነበር። መብራቱም የጋራ ነው። አንድ ቆጣሪና አንድ ፊውዝ በረንዳው ላይ ተሰቅለዋል። ፊውዙ ነጭ የሸክላ ነገር ነው፣ እንደ ጠርሙስ ክዳን እየተሽከረከረ ይገባል፣ ይወጣል። እሱ ሲወጣ ቤቱ ሁሉ ይጠፋል፣ ሲገባ ቤቱ ሁሉ ይበራል።

ሶኬት ለመንካት የመጀመሪያው ሥራ ፊውዙን ማውጣት ነው፤ ይህን ማንም ያውቃል። ሰው የማያስበው የወጣውን ፊውዝ የት እንደሚያስቀምጥ ነው። ቆጣሪው ሥር ትተውት ከገቡ፣ ራዲዮ የጠፋበት ጎረቤት ሁሉ አሳቢ ሆኖ መልሶ ያስገባዋል፤ «ሳታዩት ወልቆባችሁ ነው» ብሎም ምስጋና ይጠብቃል። እናንተ በዚያች ሰዓት እጃችሁ ግድግዳ ውስጥ ነው። ስለዚህ እኔ ፊውዙን አውጥቼ እንደ ሳንቲም ከነጠላዬ ጫፍ እቋጥረው ነበር። በዚያ ላይ ከመጀመሬ በፊት ለሊቀመንበሩ እነግረዋለሁ፣ እጄን አደርቃለሁ፣ ላስቲክ ጫማ አደርጋለሁ፣ ወለሉ ከረጠበ ደረቅ ሳንቃ ዘርግቼ እሱ ላይ እቆማለሁ። ባሕር ዳር ክረምቱ ረጅም ነው፤ ከጣና የሚነሳው እርጥበት ጨውንም ግድግዳንም ያላቅሳል። ደረቅ አገር የኖረ ሰው በእኛ ቤት ግድግዳ መቀለድ የለበትም።

አባቴ ወደ እኛ የመጡት በተንኮል ነው፣ የእኔ ተንኮል። እሳቸው በይፋግ በኩል ያለች አንዲት የሐይቅ ዳር ደብር ቄሰ ገበዝ ነበሩ። ቄሰ ገበዝ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቅ፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የሚይዝ ካህን ነው። ያ ቁልፍ ክንድ የሚያህል ብረት ነበር፤ ልጅ ሆኜ ከወገባቸው ሲወርድ አይቼው አላውቅም። ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ ቁልፉን ለሌላ ካህን አስረከቡና ቤታቸው ተቀመጡ። እናቴ ካረፈች ቆይታለች፤ ወንድም እህት የለኝም። «ለጉልበትዎ ወንዛዬ ፍል ውሃ ላስገባዎ» ብዬ ወሰድኋቸው። ታጥበው ሲወጡ ግን መልሼ ወደ ይፋግ ሳይሆን ወደ ቤቴ አመጣኋቸው። ጉልበታቸው ተፈታ፣ እሳቸው ታሰሩ።

ያጽናናቸው መብራቱ ነው። አገር ቤት በጧፍ ብርሃን ዳዊታቸውን ማየት ተስኗቸው በቃላቸው ነበር የሚደግሙት። አልጋቸው አጠገብ የጠረጴዛ መብራት አስቀመጥሁላቸው። በመጀመሪያው ማለዳ መጽሐፉን ገልጠው መስመሩን በጣታቸው ተከተሉና «ፊደሎቹ ተመልሰዋል» አሉኝ። ዓይናቸውን አላመሰገኑም፣ መብራቱንም አላመሰገኑም፤ ፊደሎቹ ርቀው ሄደው የተመለሱ ያህል ነበር የተናገሩት። መብራቱ ከየት እንደሚመጣ ባለቤቴን ጠየቁት። ከጢስ ዓባይ፣ ውሃው ሲወድቅ መኪና እያዞረ መሆኑን ነገራቸው። «እንግዲያ ከጣና የወጣ ውሃ ነው» አሉ ደስ ብሏቸው። «የአገሬ ውሃ ነው።»

አንድ ልማድ ነበራቸው። በቅዳሴ ላይ ካህኑ እጁን ይታጠብና ሳያብስ ወደ ሕዝቡ ዞሮ ውሃውን ከጣቶቹ ያራግፋል። ማስጠንቀቂያ ነው፤ ያልነጻ እንዳይቀርብ። አባቴ ዕድሜ ልካቸውን ቀድሰው ያ ልማድ ከቤተ መቅደስ ውጭም አብሯቸው ኖሯል። ሲነሱም፣ ከምግብ በፊትም፣ ከምግብ በኋላም እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ጣቶቻቸውን ያራግፋሉ፣ በቃ። ፎጣ አያውቁም። ልጅ ሆኜ ውሃ የማስታጥብ እኔ ስለነበርሁ የአባቴ ነገር ሲነሳ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ፊቴ ላይ የምታርፈው ያች ቀዝቃዛ ጠብታ ናት። ቅር ብሎኝ አያውቅም።

ሶኬቱ የተሰነጠቀው አልጋቸውን ወደ መስኮቱ ስናስጠጋ ነው። የአልጋው ብረት ገጨውና ሽፋኑ ከላይ እስከ ታች ተተረተረ፤ በስንጥቁ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት የነሐስ ከንፈር ይታያል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና መብራቱን ነቅዬ ወደ ሳሎን ወሰድሁት፤ አዲስ ሶኬት እስካገኝ ማንም እንዳይነካው አልሁ። በዚያ ዘመን ሶኬት እንደ ስኳር ነው፣ ሱቅ ስለሄዱ አይገኝም። ባለቤቴ ግን አንጀቱ አልቻለለትም። አባቴ ያለ መብራት ዳዊቱን ከፍተው እንደ ግዑዝ ተቀምጠው ሲያያቸው፣ እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ስንጥቁን ለጠፈና መብራቱን መልሶ ሰካላቸው። በምን ለጠፈው? በቁስል ፕላስተር። ከመድኃኒት ሣጥናችን አውጥቶ፣ ጨርቁን መሐሉ ላይ አስተካክሎ፣ እንደ ተፈነከተ ልጅ ግንባር አሽጎታል። ከዚያም ማብሪያ ማጥፊያው የተበላሸ ስለሆነ ሲፈልጉ ሰክተው፣ ሲበቃቸው ነቅለው እንዲጠቀሙ አሳያቸው። ለእኔ ግን አልነገረኝም፤ ደፋር ነው እንጂ ሞኝ አይደለም።

በማግሥቱ ማለዳ አባቴ ተነሱ፣ ከመታጠቢያ ሳህናቸው ታጠቡ፣ ጣቶቻቸውን አራገፉ፣ መብራቱን ሊሰኩ እጃቸውን ሰደዱ።

እኔ የሰማሁት ሳህኑ ሲገለበጥ ነው። ስገባ ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል፣ ቀኝ እጃቸውን በግራ እጃቸው ይዘው። ፊታቸው አመድ መስሏል። የመብራቱ ሰኪ ከሶኬቱ ወልቆ ወድቋል። እርጥብ ወለል ላይ ዘልዬ ሰው አልነካሁም፤ መጀመሪያ በረንዳ ወጥቼ ፊውዙን አወጣሁ፣ ከዚያ ነው የገባሁት። ትንፋሻቸው ደህና ነበር። ሐኪም ቤት ወሰድናቸው፣ ልባቸውን አዳመጡና ደህና ናቸው አሉን። ባለቤቴ ከፋብሪካ መጥቶ ነገሩን ሲሰማ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ተቀመጠ። ልቆጣው አስቤ ነበር፤ ሳየው ቁጣዬ ጠፋ። የፕላስተሩን ቀልድ ያመጣነው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

አባቴ በማግሥቱ ጠሩኝና «ልሂድ» አሉኝ።

«ወዴት ነው የሚሄዱ?»

«ወደ ደብሬ። ሰኞ በጎንደር አውቶቡስ አሳፍሪኝ።»

«አባዬ፣ ምነው? ምን አጠፋን?»

«እናንተ አላጠፋችሁም። ቁልፉን ጥዬ የመጣሁ እኔ ነኝ። የመታኝም ቁልፍ የያዝሁበትን እጄን ነው። ሌላውን አካሌን አልነካኝም፣ ይህንኑ እጄን።»

«ሶኬቱ ተሰንጥቆ ነው እኮ፣ አባዬ። እጅዎ እርጥብ ነበር። ውሃና ኤሌክትሪክ አይስማሙም።»

«እሱን አላጣሁትም» አሉ በትዕግሥት። «ሶኬቱን ማን አዘዘው?»

ክፍል ሙሉ ተማሪ ዝም የማሰኝ ሴት ተነስቼ አልጋቸውን ማንጠፍ ጀመርሁ። ልሂድ ማለታቸውም አናደደኝ። ይፋግ ማን አላቸው? የቤታቸው ክዳን ወርዷል፤ ዓይናቸው ደረጃና ገደል አይለይም፤ ውሃ የሚቀዳላቸው የለ። ሰኞ ባሳፍራቸው በዓመቱ መርዶ እንደምሰማ አውቅ ነበር። በቁጣ አይመለሱም፣ በልቅሶም አይመለሱም። እሳቸው የሚታዘዙት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ አደራ።

ሶኬት ፍለጋ ከተማውን አካለልሁት። በመጨረሻ ገበያው ጥግ ካለ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥ ሰው ያልተሰነጠቀ፣ ያልጠቆረ፣ ብሎኑ ያልተበላ አንድ አገኘሁ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ልሠራው ቆረጥሁ፤ መስኮቱ ሙሉ ብርሃን የሚሰጠኝ ያኔ ነው። ጠዋት ለሊቀመንበሩ መብራት እንደማጠፋ ነገርሁት፣ «ችግር የለም፣ እኔ አመሻለሁ» አለኝ። ባለቤቴ ተራው ስለሆነ ፋብሪካ ገባ። እኔ ግን ስለ ሊቀመንበሩ አንድ ነገር አውቃለሁ። ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር አዲስ እስኪገዛ አይጠብቅም፤ በቦታው የመዳብ ሽቦ ጠምዝዞ ይጎስርበታል። ሽቦ ደግሞ ፊውዝ አይደለም፤ ፊውዝ ራሱን አቃጥሎ ቤቱን ያድናል፣ ሽቦ ግን ግድግዳው እስኪነድ አይበጠስም። ስንቴ ነግሬዋለሁ። ስለዚህ ፊውዙን ነጠላዬ ላይ መቋጠር አይበቃኝም፤ ቆጣሪው ዘንድ የሚቆምልኝ ሰው እፈልጋለሁ።

«አባዬ» አልኋቸው፣ «ሰኞ መሄድዎ ካልቀረ ከዚያ በፊት አንድ ነገር ይርዱኝ።»

በረንዳ ላይ አቆምኋቸው። ፊውዙን አውጥቼ ደረቅ መሆኑን አይቼ በቀኝ እጃቸው አስያዝኋቸው። ሊመልሱልኝ ፈልገው ነበር፤ ያ እጅ ፈርቷል።

«ይህ አሁን ምንም የለበትም፣ እንደ ድንጋይ ነው» አልኋቸው። «ይህ በእጅዎ እስካለ እኔ ደህና ነኝ። እኔ ራሴ መጥቼ ካልጠየቅሁዎ ለማንም አይስጡ። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፤ ፊውዙ የወጣበት ጉድጓድ አልሞተም፣ በቆጣሪው በኩል ሕይወት አለው። እንዳይነኩት፣ ጀርባዎንም እንዳያስደግፉት።»

«ለማንም?» አሉ።

«ለማንም።»

ፊውዙን ጨበጡ። መቋሚያቸውን በሌላ እጃቸው ይዘው ከቆጣሪው አንድ እርምጃ ፈቀቅ ብለው ቆሙ። አቋቋማቸውን አወቅሁት፤ የዕቃ ቤቱ በር ላይ የሚቆሙት እንዲያ ነበር።

ገባሁ። ፊውዝ ወጥቷል ብዬ ግን እጄን አልሰደድሁም። አንዲት ካቻቪቴ አለችኝ፣ ጫፏ ኤሌክትሪክ ሲነካ እጀታዋ ውስጥ ቀይ ብርሃን ትሰጣለች፤ ቴስተር እንላታለን። ፊውዙን ከማውጣቴ በፊት ደህና በሆነ ሶኬት ሞክሬያት ነበር፣ እሷም ልትሞት ትችላለችና። አሁን በተሰነጠቀው በሁለቱም ቀዳዳ ሰደድኋት፣ አልበራችም። ከዚያ ነው ፕላስተሩን የላጥሁት። ሽፋኑን ፈታሁ። ውስጡ ከጠበቅሁት የባሰ ነበር፤ የአንዱ ሽቦ ልባስ ተቃጥሎ እንደ ጥላሸት ይረግፋል፣ ብሎኑ ላልቶ ሽቦው ይንቀዋለላል። በዚያ ቤት ሽቦው ሁሉ አንድ ቀለም ስለሆነ የቱ ከየት እንደመጣ ሳልለይ አልነቀልሁም፤ አንዱ ላይ ክር አሰርሁ። ከዚያ የተቃጠለውን በፒንሳ ቆረጥሁ፣ ንጹሕ መዳብ እስኪወጣ ላጥሁ። ሽቦው ገና በቂ ርዝመት ነበረው። ቢያጥር ኖሮ ስቤ አላስጨንቀውም፤ ግድግዳው ውስጥ ድረስ ጠቁሮ ቢሆንም ዘግቼ ባለሙያ እጠራ ነበር፣ የባለቤቴ ነገ እስኪደርስም ቢሆን እጠብቃለሁ። ሰው የሚችለውን ማወቁ ሙያ ነው፣ የማይችለውን ማወቁ ደግሞ ዕድሜ ነው።

አዲሱ ሶኬት ላይ አንዱን ሽቦ አስሬ ሁለተኛውን ስይዝ የበረንዳው ደረጃ ጮኸ። የሊቀመንበሩ ጫማ ነው።

«አባ፣ እንደምን ዋሉ? እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ደህና። ቆሜያለሁ።»

ገብቶ ካውያውን ሲሰካ፣ ሲነቅል፣ መልሶ ሲሰካ በጣውላው በኩል ሰማሁ። ወጣ።

«መብራት የለም እንዴ?»

«አለ። እዚህ እጄ ውስጥ ነው።»

እጄን ከግድግዳው አወጣሁ። ፊውዙ አባቴ ዘንድ ቢሆንም ሰው ቆጣሪ አጠገብ ሲከራከር እጅን ግድግዳ ውስጥ ማቆየት ድፍረት ሳይሆን ቂልነት ነው።

«በሉ ይስጡኝ፣ ለአንዳፍታ ላስገባው። ከላይ እንግዳ መጥቷል፣ አውሮፕላን ማረፊያ ልንቀበል ነው። ይህን ሱሪ ልተኩስ ነው፣ መኪና ቆሞ ይጠብቀኛል።»

«ልጄ እጇ ግድግዳ ውስጥ ነው።»

«ትንሽ ታቁማ።»

«መቼ እንደምታቆም እሷ ታውቃለች። እኔ የማውቀው ለማንም አይስጡ መባሌን ነው።»

«አባ፣ እኔ እኮ ማንም አይደለሁም፣ ሊቀመንበር ነኝ።»

«አውቅሃለሁ፣ ልጄ። ጳጳስም መጥተው ያለ ሥርዓት ዕቃ ቤት ከፍቼ አላውቅም።»

ሊቀመንበሩ «እሺ፣ ፊውዙ ይቅር። ሽቦ አለኝ» አለ፤ ወደ ክፍሉ ሲገባም ሰማሁት።

ያኔ ደነገጥሁ። ለራሴ አይደለም፣ እጄ ውጭ ነው። አባቴ በግትርነታቸው ቆጣሪውን በእጃቸው ይሸፍኑ ይሆናል፣ ያ ባዶ ጉድጓድ ደግሞ ሕይወት አለው፣ እጃቸው ደግሞ መቼም ደረቅ ሆኖ አያውቅም። ካቻቪቴውን ጥዬ ወደ በረንዳው ተነሳሁ። በሩ ላይ ስደርስ ሊቀመንበሩ የተጠመዘዘ ሽቦውን ይዞ ወጥቷል። አባቴ ቆጣሪውን አልነኩትም፣ አልተደገፉትምም። አንድ እርምጃ እንደራቁ ናቸው። መቋሚያቸውን ብቻ ከበረንዳው ቋሚ እስከ ግድግዳው አጋድመው መንገዱን ዘግተዋል። ሁሉን ነገር እንደነገርኋቸው ይዘውታል። በሩ ላይ ቆምሁ።

«ያሳልፉኝ፣ አባ። የመንግሥት ሥራ ነው የምሄደው።»

«ይህስ ቤት የማን ነው?»

«የቀበሌ ነው።»

«ቀበሌስ የማን ነው?»

«የመንግሥት ነዋ።»

«እንግዲያ የመንግሥት ቤት ቢቃጠል፣ የመንግሥት መምህር ብትሞት፣ መጀመሪያ ማን ይጠየቃል?» አሉ አባቴ። ድምፃቸው አልጨመረም። «እኔ ዕቃ ስጠብቅ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ዕቃ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚያዘው ቁልፍ ያዡ ነው። እዚህ ቤት ቁልፍ ያዡ አንተ ነህ። እኔ ይህን የያዝሁት ለአንተ ብዬ ነው።»

ሊቀመንበሩ ሽቦውን አየ፣ ሱሪውን አየ፣ እኔን አየኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የቸኮለ ሰው ነበር፣ የቸኮለ ደግሞ አፍሶ ይለቅማል። በዚያ ዘመን መጠየቅ የሚለው ቃል ምን እንደሚከተለው ከማናችንም ይልቅ እሱ ያውቃል። ሽቦውን ኪሱ ከተተ።

«ታዲያ ሱሪውን ምን ላድርገው?» አለ፣ እንደ ልጅ።

«ውሃ ነካ አድርግና ፍራሽህ ሥር አስተኛው። ራስህም እላዩ ላይ ተቀመጥ።»

ሄዶ ተቀመጠበት። ያን ቀን አልሳቅሁበትም፤ ሥራ ነበረብኝ። ተመልሼ ሁለተኛውን ሽቦ አስገባሁ፣ ብሎኑን እስከ መጨረሻው አጠበቅሁ፣ እያንዳንዱን ሽቦ ጎተት አድርጌ መያዙን አየሁ፣ ሽፋኑን ገጠምሁ። ወለሉን በጨርቅ አደረቅሁ። በረንዳ ወጣሁ።

«ጨርሻለሁ፣ አባዬ። ይስጡኝ።»

አልሰጡኝም።

«እጅሽን አሳዪኝ» አሉ።

ሁለቱንም እጄን ዘረጋሁላቸው። ዓይናቸው እንደማይበቃ አውቀው ሊዳስሱኝ ነው። መቋሚያውን ደገፍ አደረጉ። ከመንካታቸው በፊት ግን ቆሙና ፊውዙን ወደ ግራ እጃቸው አዛውረው ቀኝ እጃቸውን ጋቢያቸው ላይ ጠረጉ። መዳፉን፣ የእጁን ጀርባ፣ በጣቶቹ መሐል። ያን እጅ ሲራገፍ እንጂ ሲታበስ አይቼው አላውቅም ነበር።

«ላብ ነው» አሉ፣ እንደማፈር ብለው። «ላብም ያው ውሃ ነው አይደል?»

«ያው ነው» አልኋቸው።

ከዚያ ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳሰሱ፣ ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ ጣት፣ የአንዱን እጅ ከዚያም የሌላውን። ዕቃ ሲረከቡና ሲያስረክቡ እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት፤ መስቀሉን፣ ጽናጽሉን፣ ጽዋውን አንድ በአንድ ነክተው ነው። ጎደሎ አለመኖሩን ሲያረጋግጡ ፊውዙን መዳፌ ላይ አኖሩት።

አስገባሁት። በቴስተር ሞከርሁ፣ በራች። የሽፋኑን ዳር ዳር ነካሁባት፣ አልበራችም። መብራቱን ልሰካ ስል «ቆይ» አሉኝ። መጥተው አልጋቸው ላይ ተቀመጡ። ቀኝ እጃቸውን እንደገና ጋቢያቸው ላይ ጠረጉና ሰኪውን ከእጄ ተቀበሉ። ቀዳዳውን እንዲያገኙ ክንዳቸውን መራሁላቸው። ለእኔ ቢነግሩኝ እኔ እሰካው ነበር። አልነገሩኝም። ሰኩት፤ በራ።

ብዙ ጠበቁ፣ እጃቸውን ሳያነሱ።

«ምንም አላለኝም» አሉ በመጨረሻ።

ማን እንዳዘዘው አልጠየቅኋቸውም። የተቋጠረችው ጓዛቸው እግራቸው ሥር ነበረች፤ በእግራቸው ገፋ አድርገው አልጋው ሥር አስገቧትና ዳዊታቸውን ገለጡ። ከጣውላው ማዶ የካውያ ሽታ መጣ፤ ሊቀመንበራችን ፍራሹ ሱሪውን እንዳላቃናው ገብቶት መተኮስ ጀምሯል። ማታ ባለቤቴ ሲመጣ «አባ ሰኞ ይሄዳሉ?» አለኝ በሹክሹክታ። «ማን ይይዝልናል ታዲያ ፊውዙን?» አሉ አባቴ ከውስጥ።

በዚያ ቤት እስካረፉ ድረስ ፊውዝ በወጣ ቁጥር የሚያዘው በእሳቸው እጅ ነበር። ሊቀመንበሩ እንኳ አምፖል ሲቀይር «አባ፣ ያዙልኝ» ብሎ አምጥቶ ያስይዛቸዋል፣ እሳቸውም እጁን ሳይዳስሱ አይመልሱለትም። ጠዋት ጠዋት ታጥበው ጣቶቻቸውን ማራገፍ አልተዉም፤ ያ የቤተ መቅደስ ነው። ካራገፉ በኋላ ግን እጃቸውን ወደ እኔ ይዘረጋሉ፣ ፎጣ አቀብላቸዋለሁ።

አሁን ፊውዝ የሚይዝልኝ የለም፤ ኪሴ ውስጥ ነው የምከተው። ሶኬት ጠግኜ ስጨርስ ግን መልሼ ከማስገባቴ በፊት በረንዳው ላይ እቆምና ሁለቱን እጄን ፊቴ ዘርግቼ ጣቶቼን አንድ በአንድ እነካለሁ። ጎረቤቶቼ ጸሎት የማደርስ ይመስላቸዋል። እስኪ ይምሰላቸው።